ቀለሁ የቀደደው ጉንጭ

አበራሽ ግራኝ ናት። ማጭድ የምትይዘው በግራዋ ነው፤ እንዝርት የምታሾረውም በግራዋ ነው። ልጅ ሳለች እናቷ "ሰው ምን ይላል?" እያሉ ግራ እጇን በመቀነት ያስሩባት ነበር። አባቷ ግን ይፈቱላታል። የደብሩ ዘበኛ ነበሩ፤ ምንሽር ነበራቸው፤ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። "ተያት፣ የሰጣት ያውቃል" ብለው ጠመንጃውን በግራ ትከሻዋ አስደግፈው ማነጣጠር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ምንሽር ትዕግሥተኛ ጠመንጃ ነው። ተኩሶ ዝም ይላል። መዝጊያውን በእጅ ካልሳቡት ባዶ ቀለሁን ከሆዱ አያወጣም። አበራሽ የምታውቀው ቀለህ እንዲህ ያለው ነበር፤ በገዛ እጇ ወጥቶ በሰላም እግሯ ሥር ጠብ የሚል።

ባሏ ተሻገር ያመጣው ክላሽ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ጥይቱን ወደ ፊት፣ ቀለሁን ወደ ጎን፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይተፋል። ተሻገር በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርድ ጠመንጃውን ለታላቅ ወንድሙ ለቸሬ አልተወም። ለሚስቱ ነው የተወላት።

"ከኔ ይልቅ አንቺ ታነጣጥሪያለሽ" አላት።

እውነቱን ነው። ነገር ግን በዚያ ጠመንጃ አንድም ቀን ተኩሳ አታውቅም።

ጥቅምት ገብቶ ገብሱ ቢጫ መምሰል ሲጀምር ዝንጀሮው ከገደሉ እየወጣ ማሳው ላይ ይሰፍር ጀመር። ወንጭፍ አልበገረውም፤ ጩኸት ለመደው። አንድ ቀን ማለዳ አበራሽ ተናደደችና ክላሹን አነሳች። እንደ ልማዷ ሰደፉን ግራ ትከሻዋ ላይ ተከለች፣ ጉንጯን አስደገፈች፣ ከመንጋው በላይ ወዳለው ቋጥኝ አነጣጥራ ምላጩን ሳበች።

ድምፁን በቅጡ አልሰማችውም። ከቀኝ ዓይኗ ሥር የጋለ ነገር በጥፊ መታት፤ ከዚያ አንገቷ ሥር ገብቶ ደረቷን እየለበለበ ወረደ።

"ዓይኔ! ዓይኔ ፈሰሰ!" ብላ ጠመንጃውን ጥላ ተደፋች።

ዓይኗ አልፈሰሰም። ቀለሁ ያረፈው ከዓይኗ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ላይ ነበር። የቸሬ ሚስት ተዋበች ሩጣ መጥታ ልብሷን አራገፈችላት፤ የናሱ ቀፎ እየጨሰ ከሣሩ ላይ ወደቀ። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፋ። እብጠቱ እስኪጎድል ድረስ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፤ በጣት ውፍረት ብቻ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ።

ቸሬ ሊጠይቃት መጣ። ደረቅ ሰው ነው፤ ክፉ ግን አይደለም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን አይቶ አይቶ፦

"ጠመንጃ ከወንድ ቤት ነው የሚያምር። ተሻገር እስኪመለስ እኔ ጋ ይቀመጥ" አለ።

"አደራ የተሰጠኝ ለኔ ነው ጋሼ።"

"ዓይንሽን እያጠፋ ምን አደራ አለ? እኔ ለራሴ ብዬ መሰለሽ?"

"አያጠፋኝም" አለች። ድምፇ ግን ራሷንም አላሳመናትም።

ቸሬ ተነሥቶ ጋቢውን አጣፋ። "እንግዲህ የወንድሜ ሚስት ነሽ፤ አልቀማሽም" ብሎ ወጣ።

እብጠቱ ሲጎድል ሌላ ነገር ቀረ። አበራሽ ማንም በማያይበት ሰዓት ጥይቱን አውጥታ፣ ባዶውን ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ምላጩን ትስባለች። ጥይት እንደሌለ ታውቃለች። ራሷ ናት ያወጣችው። ቢሆንም ጣቷ ምላጩን ገና ሳይጨርሰው ሁለቱም ዓይኖቿ ይጨፈናሉ፣ አንገቷም ወደ ግራ ይሸሻል። "እንቢ በል" ትለዋለች ዓይኗን። እንደገና ትሞክራለች። እንደገና ይጨፈናል። ዓይኗ የእሷ መሆኑ የቀረ ይመስል ነበር። ላቧ በጀርባዋ እስኪወርድ ትሞክርና ጠመንጃውን አልጋው ሥር ትመልሰዋለች።

በመጨረሻ አስር አለቃ ይበልጣል ዘንድ ሄደች። ይበልጣል ከወታደር ቤት ከወጣ ቆየ፤ አሁን ባቄላና ገብስ የሚያርስ ጎረቤቷ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን አስር አለቃ ነው የሚለው። ጠመንጃውን ተቀብሎ አገላበጠውና ሳቀ።

"ይኸ የተሠራው ለቀኝ ሰው ነው አበራሽ። ባዶው የሚወጣበትን በር አየሽው? በቀኝ በኩል ነው። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ፊቱ ከወዲያ ነው፤ ቀለሁ ወደ ውጭ ይበርለታል። አንቺ ደግሞ ጉንጭሽን በሩ ላይ ለጥፈሽ ትጠብቂዋለሽ።"

"በግራ የሚተኩስ ሌላ ሰው የለም እንዴ አስር አለቃ? ሁሉም ፊቱን ይመታል?"

"አይ፣ ደኅና ጠመንጃ ቢሆን ወደ ፊት ነው የሚወረውረው። እዚህ ላይ ዳብሺው።" ጣቷን ወስዶ የላይኛው ክዳን ላይ አሳረፈው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጨፍልቋል። "አንድ ቀን ወድቆ ቋጥኝ መትቶታል። መውጣት የሚገባውን ቀለህ ይመታውና ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ባልሽ ቀኝ ስለሆነ አልታወቀውም።"

"ታዲያ ምን ልሁን?"

"አንድም ትከሻሽን ቀይሪ፣ አንድም ተሻገር ሲመለስ ክዳኑን ያስለውጥ። እስከዚያው የግድ ከሆነብሽ ሻሽሽን በቀኝ በኩል እስከ ጉንጭሽ አውርጂው።"

"ቀኝ ትከሻዬ አያውቅበትም እኮ።"

"ቀኝ የለመደ በሬ ግራ ሲጠምዱት የመጀመሪያ ቀን ሞፈር ይሰብራል። ኋላ ያርሳል።" ከዚያ ሳቁን ተወና ጠመንጃውን መለሰላት። "ስሚኝ ልጄ። ቀለህ ሰው አይገድልም። የሚገድለው ዓይንሽን ጨፍነሽ የምትሰጂው ጥይት ነው። የት እንደሚያርፍ ሳታዪ አትተኩሺ።"

ይህ ቃል ከቀለሁ ይልቅ አስፈራት። በዚያ ቀን ዝንጀሮውን ስታባርር ያቺ ጥይት የት አረፈች? ከቋጥኙ ወዲያ እኮ መንገድ አለ። ከዚያ በኋላ በቀኝ ትከሻዋ መለማመድ ያዘች፤ ነገሩ ግን የሰው ልብስ እንደመልበስ ሆነባት። የጠመንጃው አፈሙዝ ልክ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል።

ኅዳር ሲገባ ከማዶው ጎጥ ወሬ መጣ። ጅብ በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ አህያ ነክሷል። ሲጮሁበት አይሸሽም። ድንጋይ ሲወረውሩበት ድንጋዩን ይነክሳል። በማግስቱ ደግሞ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት አሳድዶ፣ እሷ ዛፍ ላይ ወጥታ ተረፈች አሉ። "አብዷል" አለ ሰው ሁሉ። ጅብ ሌሊት ሲጮህ ማን ይፈራል? በስማዳ አገር ጅብ የሌሊት ጎረቤት ነው። ቀን የሚወጣ፣ ሰው የማይፈራ ጅብ ግን ሌላ ነው። ሴቶቹ ወደ ምንጭ የሚወርዱት በቡድን ሆነ። ከብቱ ከበረት የሚወጣው ፀሐይ ካሞቀ በኋላ ሆነ። አበራሽ ውሻዋ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይወርዳል። ማሳ ስትውል ክላሹን ከጎኗ አትለይም፤ ከጎኗ መሆኑ ግን አያጽናናትም። እንዲያውም "ቢመጣ እኔ ነኝ የምጠየቀው" እያለች ትጨነቅ ነበር።

መጣም።

የአጨዳ ጊዜ ነበር፤ ፀሐይዋ ጤዛውን ገና አልጨረሰችውም። ቸሬ በራሱ ማሳ ጎንበስ ብሎ ገብስ ያጭዳል። አበራሽ ከእሱ ከፍ ባለው እርከን ላይ ነዶ ታስራለች። በሁለቱ መካከል ድንጋይ ተወርውሮ የሚደርስ ያህል ርቀት አለ። ተዋበች ምሳ ይዛ ከመንደሩ በኩል እየመጣች ነው። አበራሽ ቀና ስትል ከማሳው ግርጌ ካለው ጉድባ አንድ ነገር ሲወጣ አየች። መጀመሪያ የጠፋ ጥጃ መሰላት። አካሄዱ ግን የጥጃ አልነበረም። ኋላው ዝቅ ብሎ፣ አንገቱ ወደ ጎን ተጣሞ፣ እግሩ እየተያያዘ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቸሬ ይመጣል። ካፉ ነጭ ለሃጭ ይንዠረገጋል።

"ጋሼ!" ብላ ጮኸች። "ጋሼ ኋላዎን! ኋላዎን!"

ቸሬ ዞረ። ማጭዱን ይዞ ቆመ እንጂ አልሮጠም። አበራሽ ጠመንጃውን አነሳች። መቆለፊያውን ከፈተች፣ አቀባበለች፣ ሳታስበውም ወደለመደችው ወደ ግራ ትከሻዋ ወሰደችው። ሻሿን ማውረድ ቀርቶ ሻሽ ማድረጓንም ረስታለች። ጅቡ ገና ለቸሬ አልደረሰም፤ መሃላቸው ባዶ ነው፤ አሁን ነው። ጉንጯን አስደገፈች። ጅቡን በማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ አየችው። ምላጩን ሳበች፤ ዓይኗም ተጨፈነ።

ቀለሁ ቀኝ ጉንጯን ሰነጠቀው። ዓይኗን ስትከፍት ከማሳው ወዲያ፣ ከዳገቱ ላይ አቧራ ሲነሳ አየች። ስታለች። ጅቡ ተኩሱን እንዳልሰማ ሁሉ አልበረገገም። ቸሬ ማጭዱን ሰነዘረ፤ ጅቡ ክንዱን ነከሰውና ሁለቱም ገብሱ ውስጥ ወደቁ።

ተዋበች ሰሃኗን ወርውራ ትጮህ ጀመር። "ተኩሺ! አበራሽ ተኩሺ! ኧረ ስለ ሚካኤል!" ወዲያው ደግሞ "አትተኩሺ! የልጆቼን አባት! አትተኩሺ፣ ትገይብኛለሽ!"

አበራሽ ጠመንጃውን ወደ ቀኝ ትከሻዋ አዛወረችው። ከማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ የቸሬ ነጭ ጋቢ መጣ፤ ከዚያ የጅቡ ጀርባ፤ ከዚያ የቸሬ ራስ፤ እንደገና ጋቢ። ሁለቱ አንድ ላይ ይንከባለላሉ። የጅቡ ነው ያለችው እግር የሰው እግር ሆኖ ይገኛል። ደም ከጉንጯ ወደ አፏ ገባ። የግራ ትከሻዋ ዓይኗን ይጨፍነዋል፣ ቀኙ እጇን ያስተዋል። እዚህ ቆማ ብትተኩስ ቸሬን እንደምትገድለው ጥርጥር አልነበራትም። ባትተኩስም ይሞታል።

ያን ጊዜ እግሯ ተነሣ። ጀግንነት አልነበረም፤ ኋላ ሲያወድሷት ደጋግማ የተናገረችው ይህንን ነው። ከሩቅ መተኮስ ስለፈራች ነው የቀረበችው። ከእርከኑ ዘላ ወረደች። ገብሱ እግሯን ይጠልፋታል። ሽታው ቀድሞ ደረሳት፤ የከረመ ሬሳ ሽታ። ጅቡ የቸሬን ክንድ በአፉ እንደያዘ ዓይኑን ወደ እሷ አዞረ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ፍርሃት የለም፣ ምንም የለም። አበራሽ ሽንቷ በእግሯ ሲወርድ ተሰማት። ቢሆንም አልቆመችም።

ቸሬ አያት። "ወደዚያ..." አለ፤ አልጨረሰውም።

ጥይቱ ጅቡን በስቶ ቸሬን እንዳያገኘው ብላ በጎን በኩል ዞረች፣ ተንበረከከች፣ አፈሙዙን ከፊት እግሩ ኋላ ጎድኑ ላይ ተከለችው። ሰደፉ ትከሻዋ ላይ አልነበረም፤ በክንዷና በወገቧ መሃል ወትፋዋለች። ማነጣጠር አላስፈለገም። አፈሙዙ በጅቡ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ዓይኗን እንደከፈተች ሳበች።

ያኛው ቀለህ ወዴት እንደበረረ አላየችም። ትኩስ ነገር ፊቷ ላይ ተረጨ። ጅቡ አንድ ጊዜ ተወራጭቶ ዘፍ አለ፤ መንጋጋው ግን አልተላቀቀም። ደግማ ተኮሰች።

ቸሬ አይንቀሳቀስም። ጋቢው ቀይ ሆኗል፤ ከጭኑ በኩልም ሱሪው ተቀዶ ደም ይፈሳል። አበራሽ የጭኑን ቀዳዳ አየች። ጅቡ የያዘው ክንዱን ነበር። ታዲያ የጭኑ ምንድን ነው?

"ገደልኩት" አለች። "ተዋበች፣ ገደልኩት። የኔ ጥይት ነው።"

ተኩሱን ሰምቶ አስር አለቃ ይበልጣል ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ደረሰ። የጅቡን መንጋጋ በማጭድ እጀታ ፈልቅቀው ቸሬን አወጡት። ቸሬ ቃተተ። በሕይወት አለ። አበራሽ ግን ከጭኑ ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። ይበልጣል ሱሪውን ቀደደ፣ ውሃ አፈሰሰበት፣ ጎንበስ ብሎ አየ። ያ ጊዜ አላልቅ አላት።

"ጥርስ ነው" አለ በመጨረሻ። "አበራሽ፣ ነይ እዪው። ጥርስ ነው። ጥይት እንዲህ አይቀድም።"

እዚያው ተቀመጠች። ማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም።

ሳሙና መጣ፤ ይበልጣል ቁስሉን በውሃና በሳሙና እየደጋገመ አጠበው። "ሰፈር ውስጥ ሥር የሚሰጥ ሰው አለ፣ እሱ ዘንድ እንውሰደው" አለች ተዋበች። ያን ጊዜ ከደብሩ የመጡት መሪጌታ ስማቸው እጃቸውን አነሱ።

"አይሆንም፣ ወደ ሐኪም ነው። ዛሬውኑ።" እኚህ ሰው ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። "ቤተ ልሔም ድጓ ስማር አብሮኝ የሚማር ጓደኛ ነበረኝ፤ ያበደ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ቶሎ ጠገገ፤ እኛም ረሳነው። ወር አልፎ አንድ ቀን ማታ በቅል ውሃ ስሰጠው ጮኸ። ውሃውን አይቶ ነው የጮኸው። ጠምቶታል፣ ግን ጉሮሮው አልቀበል አለው። ሌላውን አልነግራችሁም። ጸሎቱን እኔ እዚህ ሆኜ አደርሳለሁ፤ እናንተ በቃሬዛ ውሰዱት።"

እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ ወሰዱት። ከዚያ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ወጥተው ወገዳ ገቡ፤ እዚያ ቁስሉ ታስሮለት ወደ ደብረ ታቦር ተላኩ። መንገዱ እንደሚታወቀው ነው። መኪናው በነጠረ ቁጥር ቸሬ ያቃስታል፤ ተዋበች ራሱን ጭኗ ላይ ይዛ ትጸልያለች። አበራሽ ከእግሩ በኩል ተቀምጣለች። ለምን እንደመጣች አንድም ሰው አልጠየቃትም፤ እሷም አታውቅም። መውረድ ግን አልቻለችም።

ሆስፒታል ውስጥ ህይወት የምትባል ወጣት ነርስ ቸሬን መርፌ ከወጋችው በኋላ ዞራ አበራሽን አየቻት።

"አንቺስ? ጉንጭሽን ምን ሆነሽ ነው? ነከሰሽ?"

"አልነከሰኝም። ቀለህ ነው። ስተኩስ ቀለሁ ቀደደኝ።"

"ከመነከሱ በፊት ነው በኋላ?"

"ከሁሉም በፊት። በመጀመሪያው ተኩስ።"

ነርሷ ጓንቷን አጥብቃ ቀረበች። "ከዚያ ጅቡን በቅርብ ነው የመታሽው ብለዋል። ደሙ፣ ለሃጩ ፊትሽ ላይ ተረጭቷል?"

አበራሽ እጇን ወደ ጉንጯ ወሰደች። የደረቀ ነገር በጣቷ ተፈረፈረ። የራሷ ደም ይሁን የጅቡ አታውቅም። ቸሬን ሲያጥቡ እሷን ያጠባት ሰው አልነበረም፤ እሷም አላሰበችውም። ቀኑን ሙሉ ያ ነገር በተከፈተ ቁስሏ ላይ ውሎ አምሽቷል።

"ተረጭቷል" አለች።

ነርሷ ውሃ ከፈተች፣ ሳሙና አነሳች፣ ጉንጯን ታጥብ ጀመር፤ ረጅም ጊዜ አጠበችው። አበራሽ የሚወርደውን ውሃ እያየች ስለ መሪጌታ ጓደኛ ታስብ ነበር። ጅቡ ጋ ስትሄድ ያልያዛት ብርድ ያዛት፤ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ያ ፍርሃት አጭር ነበር፤ ማሳ ላይ ተጀምሮ ማሳ ላይ አለቀ። ይህኛው ግን ወደ ቤቷ ይዛው የምትገባው ነው።

"እኔም ላብድ ነው?" አለች።

"መርፌውን ሳታቋርጪ ከጨረስሽ አታብጂም። አንድም ቀን እንዳይቀር። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

ተዋበች ልጆቿ ጋ ስትመለስ አበራሽና ቸሬ ደብረ ታቦር አንድ ዘመድ ቤት ተቀምጠው መርፌውን ጨረሱ። በቀጠሮው ቀን አብረው ሄደው፣ አብረው ተሰልፈው፣ አብረው ይመለሳሉ። ብዙም አያወሩም። አንድ ቀን ከሐኪም ሲመለሱ ቸሬ በድንገት መንገድ ዳር ቆመና፦

"ያን ቀን ልልሽ የነበረው 'ወደዚያ ሂጂ' ነው" አለ። "ሽሺ ልልሽ ነበር። ሌላ እንዳይመስልሽ።"

"አውቄዋለሁ ጋሼ።"

"እንኳን አልሰማሽኝ።"

ወደ ቀዬአቸው ሲመለሱ ሰው በእልልታ ተቀበላቸው። አበራሽ ፈገግ ብላ ሰላምታ ትመልሳለች፤ ከውስጧ ግን የምትቆጥረው ሌላ ነው። በየማለዳው ከመኝታዋ ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው ውሃ በጣሳ ቀድቶ ማየት ነው። ታየዋለች፣ ወደ አፏ ታስጠጋዋለች፣ ጉሮሮዋን ታዳምጣለች። ሲወርድላት ትተነፍሳለች። እስከ ማግስቱ።

ቸሬም እንዲሁ እንደሆነ ያወቀችው አንድ ጠዋት በአጥሯ በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ "ጠጣሽ?" ሲላት ነው።

"ጠጣሁ። እርስዎስ?"

"እኔም።"

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ቸሬ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አልታጠፍ ብለውት ቀርተዋል፤ በግራው በትር ይዞ ከብቱን እያወጣ በደጇ ያልፋል። "ጠጣሽ?" ይላል። "ጠጣሁ። እርስዎስ?" ትላለች። አንዳንድ ቀን ፊቱ የገረጣ ከሆነ ጣሳውን ይዛ ትወጣና ፊት ለፊቷ እንዲጠጣ ታደርገዋለች። ሌላ ሰው ሰምቶ ቢሆን የአማትና የምራት ያህል ይከባበሩ የነበሩ ሰዎች ምን ነካቸው ይል ነበር። ለተዋበችም አልነገሯትም። ፍርሃቱ የሁለቱ ብቻ ነበር።

ተሻገር በታኅሣሥ መጨረሻ ተመለሰ። የሚስቱን ጉንጭ አየ፤ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። በሳምንቱ የክላሹን ክዳን አስለውጦ መጣ። አበራሽ በአስር አለቃ ይበልጣል ፊት ሞከረችው፤ ቀለሁ ወደ ፊት በርሮ ሣሩ ውስጥ ጠፋ። ዓይኗ ግን አሁንም ተጨፍኖ ነበር። ይበልጣል ጠመንጃውን ወደ ቀኝ ትከሻዋ አዛወረላት። ቀስ በቀስ በዚያ በኩል እጇ ጸና። ካላስፈለገ በቀር ግን አትነካውም።

ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። ነርሷ "ከቆየም ሊቆይ ይችላል፣ ግን መርፌውን ስለጨረሳችሁ አትስጉ" ብላቸው ነበር። አትስጉ ማለት ቀላል ነው። አበራሽ ጉሮሮዋ ትንሽ ሲከረክራት፣ ነፋስ ፊቷን ሲመታት፣ በሕልሟ ስትባንን "መጣ" ትላለች። በዐቢይ ጾም ሆዷ ባዶ ሆኖ ራሷን ሲያዞራት እንኳ ጾሙ መሆኑን ማመን ያቅታታል።

ሚያዝያ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ለክረምቱ ባቄላ የሚሆን መሬት ስትጎለጉል ዋለች። ፀሐዩ ይፋጃል። ወደ ምንጩ ወረደች፣ ተንበረከከች፣ በሁለት እጇ እየዘገነች ጠጣች። እየጠጣችም የምታስበው ስለ ዘሩ ነበር፤ የተሻገር ዘር ተባይ የበላው እንደሆነ ከማን ትለውጣለች? ከተዋበች ዘንድ ሳይኖር አይቀርም። እንዲህ እያሰላሰለች አፏን በነጠላዋ ጠርጋ፣ እንስራዋን ሞልታ፣ ዳገቱን ግማሽ ያህል ወጣች።

እዚያ ላይ ቆመች።

ውሃውን አላየችውም ነበር። ጉሮሮዋንም አላዳመጠችም። ዝም ብላ ጠጥታ ነው የመጣችው።

እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ መንገድ ዳር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቸሬ ከታች ከብቱን እያጠጣ ነበርና አያትና ደነገጠ፤ በትሩን እንደያዘ ሽቅብ ሮጠ።

"ምነው? አበራሽ ምነው? አመመሽ?"

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ይወርዳል።

"ዛሬ ደኅና ባቄላ ዘር ይኖርዎታል ወይ ጋሼ?" አለችው። "ለመለወጥ እያሰብኩ ነው የመጣሁት።"

ቸሬ ግራ ገብቶት እያለከለከ አጠገቧ ተቀመጠ። "አለ" አለ። "ዘርስ አለ። ታዲያ ይኸ ያስለቅሳል?"